ላት የጠጣው ብስክሌቴ

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴን ብትጠይቋት «ሠላሳ አራት» ትላለች፤ ባል ይገኝላት እንደሆነ ብላ ሁለቱን ቀንሳልኛለች። እኔ ደግሞ አልጋ ላይ የተኛሁበትን ዓመት ከዕድሜ አልቆጥረውም። የቀበሌው መዝገብ የራሱን ይላል። ሦስታችን እስክንስማማ ወጉ እንዳይበርድ ልቀጥል።

መንደራችን ከሞላሌ ወዲህ፣ ነፋሱ ገብሱን አስተኝቶ በሚያስነሳበት ገመገም ላይ ነው። ከእኛ እስከ ሞላሌ ገበያ መንገዱን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው የምናስረዳው፦ መጀመሪያ ትንሽ ሜዳ፣ ቀጥሎ አንድ ረጅም ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ ግርጌ ጠማማ፣ ከጠማማው ሥር ድልድይ፣ ከድልድዩ ማዶ ልብ የሚያወልቅ ዳገት። ከዳገቱ አናት ሞላሌ ነው። በእግር የሄደ ሰው ገበያ ሲደርስ የሚሸጠውን ረስቶ የሚቀመጥበትን ይፈልጋል።

እኔ ግን ብስክሌት ነበረኝ። ወደ ሌላ ወረዳ ከተቀየረ መምህር ላይ ነው የገዛሁት። መንዳት ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ ወድቄ፣ ራሴ ተነሥቼ፣ ራሴው ቁስሌን እያጠብኩ ተማርኩት። የመንደራችን ሴቶች የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ እኔ ፈትሉን በጆንያ ሰብስቤ ሞላሌ ላሉት የባና ብርድ ልብስ ሠሪዎች አደርሳለሁ። በየገበያው ቀን ስወርድ ሕፃናት «መጣች!» ይላሉ፣ ቄሱ ያማትባሉ፣ ዶሮዎች ይበተናሉ። ደስ የሚል ኑሮ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ታዲያ ጠማማው ላይ በጎች መንገዱን ሞልተው ጠበቁኝ። የመንዝ በግ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ላቱን ከኋላው እንደ ሻንጣ ተሸክሞ ስለሚሄድ ለማንም ብሎ አይቸኩልም። ፍሬኑን በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ብስክሌቱ ቆመ፤ እኔ አልቆምኩም። በበጎቹ ላይ አልፌ ድልድዩ ራስ ላይ አረፍኩ። በጎቹ ምንም አልሆኑም። የእኔ የግራ ጭን ግን ለሁለት ተሰበረ።

በቃሬዛ ወጣሁ፣ በመኪና ደብረ ብርሃን ገባሁ፣ ጭኔ ውስጥ ብረት ተደርጎልኝ ተመለስኩ። ከዚያ ጥየቃው ተጀመረ። የተኛ ሰው እህል ይርበው እንደሆነ እንጂ ምክር አይርበውም። አንዱ «እግዜር ይማርሽ» ብሎ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ጠላውን ፉት ይልና «ድሮም እኮ ሴት ልጅ…» ብሎ ይጀምራል። ሌላው ከብስክሌት ወድቀው የሞቱ ሰዎችን ይዘረዝርልኛል፤ አንዱም የእኛ አገር ሰው አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ጠያቂ አንጀቴን ያራሱት ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ብቻ ናቸው። እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ «አንቺ ልጅ፣ ብረት ሰበረሽ፣ መልሶ ብረት ጠገነሽ። ከእንግዲህ ዘመዳሞች ናችሁ፤ ተኳርፎ መቅረት ነውር ነው» አሉኝ።

እናቴ ግን መኳረፉን መርጣለች። ብስክሌቱን በስሙ አልጠራ ብላ «ያ ነገር» ትለው ነበር። ከበጎቹ ጋጣ ጥግ አስገብታ፣ ብረት ለቃሚው በመንደሩ ሲያልፍ እንደምትሰጠው ለሰው ሁሉ ተናግራለች።

በዓመቱ በሁለት ምርኩዝ፣ ቀጥሎ በአንድ፣ ቀጥሎም በባዶ እጄ መሄድ ጀመርኩ። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ አየና «ገጥሟል፤ ብስክሌትም ቢሆን ትነጃለሽ» አለኝ። አጥንቴን ነው እንጂ ፍርሃቴን ፎቶ አላነሣውም። ማንም ሳያይ ጋጣ ገብቼ መሪውን ስይዝ ግራ እግሬ የጎረቤት እግር ይመስል አልታዘዝ ይለኛል። ከበጎቹ ጋር ተያይተን፣ እነሱም ስቀውብኝ፣ እወጣለሁ። በውጭ ደግሞ እነ እትዬ ብርቄ ፈትላቸውን በጀርባቸው አዝለው ያንን ዳገት ሲወጡ አያለሁ። ፈርቶ መቀመጥ ለብቻ ከሆነ ይቻላል፤ ሰው ዓይንሽ እያየ ያንቺን ሸክም ሲሸከምልሽ ግን አይቻልም።

«እነዳለሁ» አልኳት ለእናቴ አንድ ማታ ራት ላይ።

«ሬሳዬን ተሻግረሽ!» አለች።

ነገሩን የያዙት አጎቴ ጋሽ ደምሰው ናቸው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ፈረስ ያሳደጉ፣ ፈረስ የገሩ፣ ከሰው ይልቅ በፈረስ የሚስማሙ ሰው። እኔ ተኝቼ በከረምኩበት ጊዜ ብስክሌቱን እየመጡ ሲያዩልኝ የነበሩትም እሳቸው ነበሩ።

«እህቴ፣» አሉ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ከፈረስ የወደቀ ሰው በዚያው ፈረስ ላይ ተመልሶ ካልወጣ ዕድሜ ልኩን እግረኛ ነው። ልጅሽን እግረኛ አታድርጊያት።»

«እግረኛ ብትሆን እግር አላት ማለት ነው!»

«አንድ ጊዜ ፍቀጂላት።»

እናቴ ጣቷን ወደ አጎቴ ቀሰረች። «አንድ ጊዜ። ከዚህ ሞላሌ ገበያ ድረስ። ከወደቀች፣ ጉልበቷም መሬት ከነካ፣ ያ ነገር በማግስቱ ለብረት ለቃሚው ነው፤ ዳግመኛም አይነሣ። ካልወደቀች አፌን ዘግቻለሁ። አንተ ምስክር ነህ፤ በፈረስህ ከአጠገቧ እንዳትለይ።»

ተስማማን። የዚያን ዕለት ያልሰማሁት፣ መስማት የነበረብኝ ነገር ቢኖር አጎቴ ብስክሌቱን «ማየት» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ነው።

በገበያው ቀን ጠዋት ብስክሌቱ ደጅ ቆሞ ሳየው ደነገጥኩ፤ ያበራል። ከመምህሩ ስገዛው እንኳ እንዲያ አላበራም። የበግ ጠረንም ሸተተኝ፤ ነገር ግን መንዝ ውስጥ የበግ ጠረን ሲሸተው «ከየት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። የአጎቴ ጋቢ ነው ብዬ አለፍኩ።

መንደሩ ሊያየኝ ወጥቷል። እናቴ አልወጣችም፤ የበሩ መቃን ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «በስመ አብ» ብዬ ወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ክንዶች እንዴት እንደሄድኩ እኔም ብስክሌቱም አናውቅም፤ አንዴ ወደ እትዬ ብርቄ አጥር፣ አንዴ ወደ ጭድ ክምሩ። ከዚያ ቀጥ አለልኝ። ሜዳው ላይ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ለአንድ ዓመት የጠፋብኝን ሰው መንገድ ላይ ያገኘሁ መሰለኝ። አጎቴ በዳማ ፈረሳቸው ጎን ለጎን በሶምሶማ ይከተሉኛል። «ይኸውልሽ! ደህና ተቀምጠሻል! ወገብሽን ቀና አድርጊ!» ይሉኛል።

ቁልቁለቱ ጀመረ። ብስክሌቱም ፈጠን አለ። ፍሬኑን ለስለስ አድርጌ ያዝኩት። ምንም። ጠበቅ አደረግሁት። ምንም። በሁለቱም እጄ እስከ አጥንቴ ጨበጥኩት፤ ብስክሌቱ ይባስ ብሎ ሸመጠጠ።

«ጋሼ! አልያዘም!»

«ምኑ?» አጎቴ ዳማውን ወደ ግልቢያ ለውጠውታል።

«ፍሬኑ!»

«ሳቢው!»

«ስቤዋለሁ!»

«እንግዲያው ላላ አድርጊለት! ሲስቡት የሚብስበት አለ!»

«ፈረስ እኮ አይደለም ጋሼ!»

«ሰው ተቀምጦበት ካልታዘዘ ፈረስ ነው!» አሉና ወደ ብስክሌቱ ዞረው ተቆጡት። «አንተ ከንቱ! ዓመት ሙሉ ላት ሳጠጣህ ከርሜ እንዲህ ታዋርደኝ!»

ጆሮዬን አላመንኩትም። «ምን አጠጡት?»

«ላት ነዋ! ኮርቻና ልጓም በምን ይለሰልሳል? እንዳይደርቅ ብዬ በየወሩ ቀባሁልሽ!»

«የቱን ቀቡት?»

«ሁሉንም! ካቴናውን፣ ቸርኬውን ዙሪያውን፤ ያቺን ጎማዋን ነከስ የምታደርገውን ትንሿን ነገር ደግሞ ከሁሉ ደርቃ ስላገኘኋት እሷን አብዝቼ!»

የዓመት ላት የጠጣ ፍሬን ይዤ በመንዝ ቁልቁለት እየወረድኩ መሆኔን ያወቅሁት በዚህ ዓይነት ነው። ዘልዬ ልውረድ? ከወረድኩ ወደቅሁ ማለት ነው፤ ከወደቅሁ ብስክሌቱ ሄደ። ደግሞ ጭኔ ውስጥ ያለው ብረት ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠግነኝ አልመሰለኝም። መሪውን ይዤ ስሙን የማውቀውን ቅዱስ ሁሉ በየተራ ጠራሁ፤ የማላውቀውንም «አንተም ብትሆን» እያልኩ አከልኩ።

ይህ አልበቃ ብሎ ውሻ መጣ። ከመንገድ ዳር ካለ ግቢ አንድ ቡናማ ውሻ ሊጮህብኝ ወጣ፤ አፉን ከፍቶ አንዴ አየሩን እንዳሸተተ ጩኸቱን ተወው። ዓይኑ ተለወጠ። አልፈርድበትም፤ የውሻ ዘር ከጥንት ጀምሮ ሲያልመው የኖረው ላት በሁለት እግሩ እየሮጠ በደጁ ሲያልፍ ያን ቀን ነው ያየው። ተከተለኝ። ከቀጣዩ ግቢ ሁለት ወጡ። ከዚያ በኋላ ዞሬ መቁጠሩን ተውኩት፤ ወሬውን በውሻኛ እየተቀባበሉት ይመስለኛል።

መቼም ቁልቁለት ብቻውን አያልቅም፤ ከፊት ለፊቴ መንገዱን ሞልተው ለቀስተኞች መጡ። በእኛ አገር ለቀስተኛ ያገኘ ሰው፣ በቅሎም ይሁን ፈረስ፣ ወርዶ በእግሩ ነው የሚያልፈው። አጎቴ ምን ቢቸግራቸው ሥርዓት አያፈርሱም። ልጓማቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ «እኔ ልወርድ ነው! አንቺ ስሚኝ! ሽሽተኛ ፈረስ በልጓም አይቆምም፤ ዳገት ነው የሚያቆመው! እስከ ዳገቱ ብቻ ያዢው!» ብለው ጮኹና ወረዱ። ምስክሬ ከኋላ ቀሩ።

እኔ መውረድ አልችልም። ደወል አለኝ፤ ግን ለለቀስተኛ ማን ደወል ይደውላል? አፌን ከፈትኩና የመጣልኝን ለቀቅሁት፦ «ወይኔ! ወይኔ! ወይኔ ልጅቱ! አለቀልኝ!»

ሕዝቡ ዞር ብሎ አየኝና ግራና ቀኝ ተከፈለ።

«ኧረ ልጄ፣ አይዞሽ! ለሁላችንም ነው!» አሉ አንዲት እናት እያለፍኳቸው።

«የሟች ምናቸው ናት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«እንጃ። ግን ከልጆቻቸውም ይልቅ እሷን ጎድቷታል።»

ውሾቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከትለውኝ አለፉ። ሟቹን አንድም ቀን አይቻቸው አላውቅም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቤተሰባቸው ግን እስከ ዛሬ ባገኘኝ ቁጥር ቆሞ ይስመኛል፣ በተዝካራቸውም ከዘመድ ተራ አስቀምጦኛል። እውነቱን ልናገር እያልኩ፣ አበላሉም ደህና ስለነበረ፣ ሳልናገር ቀረሁ።

ጠማማው መጣ።

ዓመት ሙሉ በሕልሜ እየወደቅሁበት የኖርኩት ጠማማ። እዚሁ ጋ ፍሬን ጨብጬ ነው የተሰበርኩት። እጄ አሁንም ፍሬኑን ጨብጧል፤ ፍሬኑ ግን እጄን አይሰማም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፦ ባለፈው የጣለኝን ስህተት ዛሬ ልሥራ ብልም አልችልም። ጣቶቼን ፈታሁ። ሰውነቴን ከብስክሌቱ ጋር ወደ ውስጥ ጣል አደረግሁ፤ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ተንጫጫ፣ የገደሉ ጫፍ በግራዬ መጣ፣ ቀረበ፣ ሄደ። ድልድዩ ላይ ነበርኩ።

«አለፍኩ!» ብዬ የጮኽኩት ለማን እንደሆነ አላውቅም። የሰሙት ውሾቹ ብቻ ናቸው።

ዳገቱ ተቀበለኝ። አጎቴ እንዳሉትም የሽሽተኛው ጉልበት እየደከመ ሄደ። እፎይ ልል ስል ከኋላዬ ለህለህታ ሰማሁ፤ ዞር ብዬ ባይ ቡናማው ውሻ ምላሱን አውጥቶ ከተረከዜ አንድ ስንዝር ቀርቶታል። እስከ ድልድዩ ያወረደኝ ቁልቁለቱ ነው፤ ለዚያ ለዚያማ አንድ ጆንያ ድንችም ብስክሌት ይነዳል። ከዚህ በኋላ ያለው ግን የእግሬ ነው። ካልረገጥኩ እቆማለሁ፤ ከቆምኩ ውሾቹ ከነብስክሌቱ ይጥሉኛል።

ቀኙን ረገጥኩ። ቀኙስ ድሮም ደህና ነው። ቀጥሎ ተራው የግራው ሆነ። ፔዳሉ አናት ላይ ደርሶ ለአፍታ ቀጥ አለ። ከዚያ ያለኝን ሁሉ ጫንኩበት። እግሬ ተንቀጠቀጠ፣ አንገበገበኝ፤ ግን አልከዳኝም። ፔዳሉ ወረደ። ብረቱም፣ አጥንቱም፣ እኔም አብረን ረገጥን። ቀኝ። ግራ። ቀኝ። ግራ። እየሳቅሁ ነው ወይስ እያለቀስኩ፣ አላጣራሁትም።

ዳገቱ ወገብ ላይ ፈትላቸውን አዝለው የሚወጡ ሴቶች ነበሩ። ከሁሉ ቀድመው ያወቁኝ እትዬ ብርቄ ናቸው።

«እሷ ናት! የኔ ብረት! ምን ትጠብቃላችሁ፣ እልል በሉ እንጂ!»

እልልታው ዳገቱን ሞላው።

«ውሾቹስ?» አለች አንዷ።

«አጃቢዎቿ ናቸው! ሰው ሲያልፍለት አጃቢ አይጠፋም!»

በእልልታ ተገፍቼ፣ በውሻ ተነድቼ ሞላሌ ገባሁ። ገበያው መግቢያ ላይ ብስክሌቱ በገዛ ራሱ ደክሞት ቆመ። እኔም በቀስታ እግሬን መሬት አወረድኩ፤ ሆን ብዬ የተሰበረውን፣ ግራውን። ጉልበቴ አልነካም። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሰባት ውሾች ከብበውን ሁለቱን ጎማዎች መላስ ጀመሩ። ገበያተኛው በጉንም ገብሱንም ትቶ እኛን ያይ ነበር። አንድ ሽማግሌ «ይህን ምን ታበሉታላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ።

አጎቴ ላብ ያሰመጠውን ዳማቸውን እየሳቡ ደረሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«አልወደቅሽም?»

«አልወደቅሁም ጋሼ።»

«ጉልበትሽስ?»

«አልነካም።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጥምጣማቸውን ፈትተው ፊታቸውን ጠረጉበት። «እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ነገር ብትሆኚ ለእናትሽ ምን እላት ነበር? ላቱንስ የሰጠችኝ እሷ አይደለችም?»

«ማን?»

«እናትሽ ናታ። በየወሩ ከጓዳ ቆርጣ ትሰጠኝ ነበር። ‹ያ ነገር እንዳይደርቅ። አንድ ቀን ትፈልገው ይሆናል። ለሷ እንዳትነግር› እያለች።» አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ይኸው፣ ነገርኩሽ።»

እነ እትዬ ብርቄ ያመጡትን ፈትል ተቀብዬ ለባና ሠሪዎቹ አስረክቤ፣ ቁልቁለቱን ብስክሌቱን ይዤ በእግሬ፣ ዳገቱንም እየገፋሁ ከአጎቴ ጋር ተመለስኩ። መንደራችን አናት ላይ ስንደርስ ሜዳው ላይ ወጣሁበት፤ እናቴ ተቀምጬበት እንድታየኝ ፈልጌ ነው። በሩ ላይ ነበረች። ጠዋት ከቆመችበት ንቅንቅ ያለች አትመስልም።

«ወደቀች?» አለች አጎቴን፤ እኔን አላየችኝም።

«አልወደቀችም።»

«በመድኃኔ ዓለም በል።»

«በመድኃኔ ዓለም!»

«እንግዲያው ግቡ፣ ራት ይበርዳል» አለች።

አጎቴ ደግሞ ምስክርነት ሙሉ መሆን አለበት የሚሉ ሰው ናቸው፤ ራቱ ላይ ስለ ላቱም፣ ስለ ፍሬኑም፣ ስለ ለቀስተኞቹም አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። እናቴ የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰችው።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ ደጅ ነበረች። እንዶድ ቀጥቅጣ በገንዳ ዘፍዝፋዋለች፤ ብስክሌቱን ጎኑ ላይ አጋድማ፣ እጅጌዋን ሰብስባ ቸርኬውን በጨርቅ ታጥባለች። አንደኛውን ስትጨርስ ወደ ሌላው ዞረች። የፍሬኑን ትንንሽ ጎማዎች አንድ በአንድ በጣቷ ፈተገቻቸው። በንጹሕ ውኃ አለቀለቀችው፣ አደረቀችው፣ አቆመችው። ከዚያ ፍሬኑን ጨብጣ በጉልበቷ ገፋችው። አልሄደም። ግድግዳው ላይ አስደገፈችውና ላሟን ልታልብ ሄደች።